ፎርማት ጥገና አይደለም

«አፕዴት አድርገኸው ነበር? በቃ፣ ያለው ፎርማት ነው።»

አሰላ ላይ ብሉቱዙ የጠፋበትን ላፕቶፕ ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው ይህን ነው። ማሽኑ ገና ከቦርሳ ሳይወጣ ፍርዱ ተፈርዷል። ደንበኛውም አይከራከርም፤ ጎረቤቱም፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛውም፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጁም ቀድመው ያንኑ ነግረውታል። አፕዴት ኮምፒውተር ያበላሻል፤ የተበላሸውን ፎርማት ያድነዋል፤ ዳግም እንዳይበላሽ አፕዴቱን ለዘለዓለም መዝጋት ነው። ከኢተያ እስከ በቆጂ በዚህ የማይስማማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እኔ አልስማማም። ሦስቱም ስህተት ናቸው፤ መካከለኛው ደግሞ የሰው ልፋት የሚያጠፋ ስህተት ነው።

ይህን የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ስለዚህ ክርክራቸውን ሳላሳንስ ላስቀምጠው። ዳታ የምንገዛው በጥቅል ነው። አንድ ትልቅ የዊንዶውስ አፕዴት ጊጋባይቶችን ይወስዳል፤ ከስልክ ሆትስፖት ላይ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ እንደሆነ የሳምንቱ ጥቅል ጠዋት የለም። የመብራት ነገርም አለ። ባትሪው የሞተ፣ በቻርጀር ብቻ የሚንቀሳቀስ ያገለገለ ላፕቶፕ አፕዴቱን ሳይጨርስ መብራት ሲሄድበት ያየ ሰው አፕዴት ቢፈራ አይፈረድበትም። ባለሙያውም የራሱ እውነት አለው። አምስት ማሽን ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንድ ድራይቨር ሲያስስ ግማሽ ቀን ቢያጠፋ ማን ይከፍለዋል? የፎርማት ዋጋ ግን ይታወቃል፣ የሚፈጀውም ጊዜ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ አንድ የማይናቅ ማስረጃ ይዘዋል፦ ከፎርማት በኋላ ብሉቱዙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሠራን መፍትሔ በምን አፍ ትቃወማለህ?

በዚህ አፍ እቃወማለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደጠፋ እንወቅ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚኖሩት አንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ነው። ካርዷ አንድ ትሁን እንጂ ከኮምፒውተሩ ጋር የምትነጋገርበት መንገድ ሁለት ነው፤ ዋይፋዩ በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ብሉቱዙ ደግሞ ከውስጥ በተዘረጋ የዩኤስቢ መስመር። ለዚህ ነው አንዱ ደኅና ሆኖ ሌላው የሚጠፋው። «ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ ግን የለም፤ ስለዚህ ተቃጥሏል» ሲባል እሰማለሁ። የካርዷ እኩሌታ እየሠራ፣ ችግሩም የጀመረው አፕዴት በተደረገ ማግስት ሆኖ ሳለ፣ መቃጠልን ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ምን ይባላል? አስቀድሞ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው አስተርጓሚ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ገበያ ላይ፣ ሐኪም ፊት አይቶታል። ዊንዶውስ የራሱን ቋንቋ ይናገራል፣ የብሉቱዝ ቺፑም የራሱን፤ በመካከል የቆመው ድራይቨሩ ነው። አፕዴቱ ነባሩን አስተርጓሚ አንስቶ አዲስ ይተካል። አዲሱ የዚያችን ቺፕ አነጋገር በቅጡ ካላወቀ ክርክሩ ይቆማል። ታዲያ አስተርጓሚው ሲሳሳት ምን እናደርጋለን? ነባሩን መልሰን እንጠራለን። ችሎቱን አፍርሰን፣ መዝገቡን ሁሉ አቃጥለን፣ አዲስ ፍርድ ቤት አንሠራም። ፎርማት ማለት ግን ይኸው ነው።

ነባሩን የመጥራቱ ሥራ ደግሞ ቀላል ነው። ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል፣ ብሉቱዝ ከሚለው ሥር ያለው ስም ይነካል፣ ድራይቨር በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ አለ። ዊንዶውስ የቀድሞውን ድራይቨር እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያቆየዋል። አንዲት ሜጋባይት ዳታ አይወስድም። ቁልፉ ፈዞ የማይነካ ከሆነ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ ከአምራቹ ማውረድ ነው። ትልቅ አፕዴት ሙሉ በሙሉ ካናወጠው ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ወደ ቀድሞው እትም መመለሻ ይሰጣል፤ በተለመደው አሠራር አሥር ቀን። የሰውየው ፋይል ባለበት ይቆያል። እነዚህ በሮች ክፍት እያሉ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው በሮቹን አልሞከረም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃቸው ልምጣ፦ «ግን እኮ ይሠራል።»

አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያሠራው ግን ማነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ማለት እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ መጥፋት መሆኑ ቀርቷል። ማሽኑ ቶሎ እንዲነሣ ሲባል የሲስተሙ ልብ ሳይበተን ዲስክ ላይ ይቀመጥና ማታ የነበረው ጠዋት ይመለሳል። የተደናገረ ድራይቨርም አብሮ አድሮ አብሮ ይነሣል። በእውነት ከባዶ የሚያስነሣው «ሪስታርት» ነው። ደንበኛው «አሥር ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት» ሲል እውነቱን ነው፤ ግን አንድ ጊዜም አላጠፋውም። ካርዷ ራሷ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶም ጥቂት ኃይል ስለምታገኝ ተደናግራ ልትቆይ ትችላለች። ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ ስንቱን «የሞተ» ብሉቱዝ አስነሥቷል! ፎርማት ሲደረግ ማሽኑ ደጋግሞ ሪስታርት ይደረጋል፣ ድራይቨሩም እንደ አዲስ ይጫናል፣ ማውሱና ስፒከሩም እንደ አዲስ ይጣመራሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ፎርማት ነው።

ሌላም አለ። ፎርማት የተደረገው ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ዊንዶውስ ያንኑ ያጣላውን ድራይቨር እንደገና ሊያወርድለት ይችላል። ምክንያቱ ስላልታወቀ ምክንያቱ አልተወገደምና። ደንበኛው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። ያን ጊዜ «እንግዲያው ሃርድዌሩ ነው፤ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የብሉቱዝ ዶንግል ግዛ» ይባላል። ዶንግሉም ራሱ ድራይቨር የሚፈልግ ቺፕ ነው! በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የታወቀ ኩባንያ ቺፕ አስመስለው የተሠሩ ናቸው፤ የሊነክስ ጸሐፊዎች ለእነዚሁ አስመስሎ ሥራዎች ሲሉ የተለየ መላ በሲስተሙ ውስጥ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። አንዱን የድራይቨር ችግር ሳይፈቱ ሌላ የድራይቨር ችግር በገንዘብ መግዛት ነው።

አሁን ስለጠፋው ነገር ልናገር፤ ዝም ብዬ የማላልፈው ይህ ነው።

ከቅርብ ዘመዶቼ አንዷ የመመረቂያ ጽሑፏን እያገባደደች ሳለ የላፕቶፗ ብሉቱዝ ጠፋ። የጎደላት ማውስ ብቻ ነበር። ጥገና ቤት ወስዳ ሰጠች። ልጁ በትሕትና ጠየቃት፦ «እህቴ፣ ፋይሎችሽን ዲ ላይ አስቀምጠሻል አይደል?» እሷ «አስቀምጠሻል አይደል» የሚለውን ብቻ ነው የሰማችው። ዶክመንቷን በየቀኑ ሴቭ ታደርጋለች፤ ስለዚህ «አዎ» አለች። ዲ የሚባለውን ክፍል ከፍታው አታውቅም፤ ሁሉም ነገር ዴስክቶፕ ላይ ነበር። በየቀበሌው ዞራ የሞላቻቸው መጠይቆች፣ አንድ በአንድ ወደ ኤስፒኤስኤስ ያስገባቻቸው ቁጥሮች፣ አማካሪዋ ያረመላት ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሄደ። ብሉቱዙ ተመልሷል። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን የሰው ክፋት የሌለበት አሠራር ይህን ያህል የሚያጠፋ ከሆነ ጥፋቱ በአሠራሩ ነው። ለአንድ ማውስ ሲባል የስድስት ወር ልፋት የሚያስይዝ ሙያ የት አለ? ጥርስ አመመኝ ላለ ሰው መንጋጋውን የሚያነሣ ሐኪም አለን?

አርሲ ደግሞ ይህን መስማት የሚገባው ከማንም በላይ ነው፤ ችግርን ለይቶ ማከምን ለመሬቱ ያውቅበታልና። በ2002/03 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው የተዘራ ስንዴ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደተባለው ስንዴ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ዲገሉን ራሱን ጣለው። ያን ጊዜ ምን ተደረገ? «አዲስ ዘር ነው ያመጣብን፤ ከእንግዲህ የአያቶቻችንን ብቻ እንዝራ» ተባለ? ማሳው ሁሉ ይቃጠል ተባለ? ተመራማሪዎች ከታመመው ግንድ ናሙና ወሰዱ፣ የዋጉን ዘር ለዩ፣ በአምስት ፊደል ሰይመው መዘገቡት፣ የትኛው ስንዴ እንደሚችለውና የትኛው እንደማይችለው ፈተኑ። ከአሰላ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የኖረው በዚህ ሥራ ነው። ዋግ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ቢጫውን የሚችል ስንዴ በግንዱ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ከገበሬው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ስንዴ ሲታመም «የትኛው ዋግ?» የሚል ሕዝብ፣ ኮምፒውተር ሲታመም «የትኛው ኮድ?» ማለት እንዴት አቃተው?

ኮዱ አለና። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ሲከፈት ቁጥር ይናገራል። ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም፤ መጫን ነው። ኮድ 10 ከሆነ መሣሪያው አለ፣ መነሣት ግን አልቻለም፤ ድራይቨሩን መመለስ ወይም መቀየር ነው። ኮድ 43 መሣሪያው ችግር እንዳለበት ለዊንዶውስ ተናግሯል ማለት ነው፤ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማስነሣት ከዚህ ይጀምራል። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የተደበቁትን የሚያሳየውን ትእዛዝ መንካት፣ ዩኤስቢ ከሚለው ሥር «ያልታወቀ መሣሪያ» የሚል እንዳለ ማየት ነው። ማን እንደሠራውም የሚናገር ቁጥር አለው፤ በሃርድዌር መለያው ላይ 8087 የሚል ከተጻፈ ኢንቴል ነው፣ የሌሎቹም እንዲሁ የየራሳቸው አላቸው። ማሽኑ ሕመሙንና የአባቱን ስም እየተናገረ እኛ አንሰማውም።

«አፕዴቱን ዝጋውና ተገላገል» የሚለውስ?

አፕዴት አያበላሽም ብዬ አልዋሽም። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አንዳንድ የሪልቴክ ብሉቱዝ ድራይቨሮች ከአዲሱ የዊንዶውስ 10 እትም ጋር እንደማይስማሙ አምኗል። ግን ምን እንዳደረገ ተመልከቱ፦ የትኛው የድራይቨር እትም እንደሆነ ለየ፣ ያ ድራይቨር ባለባቸው ማሽኖች ላይ አፕዴቱን አገደ፣ ድራይቨሩ እንዲታደስ ነገረ። ፎርማት አድርጉ አላለም። ከዚያ በፊት፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በወጣው አፕዴት ደግሞ ዊንዶውስ አንዳንድ የብሉቱዝ ዕቃዎችን ሆን ብሎ ከለከለ፤ ቁልፋቸው ለማንም የታወቀና ለጠላፊ የተጋለጠ ስለነበር። ያን ጊዜ ዕቃው መገናኘት ያቆመበት ሰው «አፕዴቱ አበላሸው» ብሎ ዘግቶ ከሆነ፣ በሩን የቆለፈለትን ዘበኛ አባርሯል።

ዘበኛ የማባረር ዋጋ ደግሞ ታይቷል። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። መድኃኒቱ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልወሰዱት ናቸው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት በእኛ ከተማ፣ ያውም ዊንዶውስ ከዓመታት በፊት በተገለበጠበት ፍላሽ ፎርማት የተደረገና አፕዴቱ የተዘጋ ማሽን ምን ያህል ቀዳዳ ይዞ እንደሚወጣ አስቡት። ደንበኛው ግን «ተሠራልኝ» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል።

ዳታውስ? ይህ እውነተኛ ጭንቀት ስለሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። ዊንዶውስ ግንኙነቱን «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ ይፈቅዳል፤ ያን ጊዜ ትልልቁን አፕዴት በራሱ አያወርድም። ለሳምንታት ማቆየትም ይቻላል፤ ባትሪ ሞልቶ፣ መብራት ኖሮ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደረስ መክፈት ነው። የቀረውን ሒሳብ እነሱ ራሳቸው ያስሉት። ድራይቨር መመለስ ምንም ዳታ አይበላም። አዲስ ድራይቨር ማውረድ በሜጋባይት ይቆጠራል። ፎርማት ተደርጎ አፕዴቱ ያልተዘጋ ማሽን ግን የተጠራቀመውን አፕዴት ሁሉ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ኦፊሱም፣ ብራውዘሩም፣ የፕሪንተሩም ድራይቨር አለ። ዳታ ለመቆጠብ ፎርማት ማድረግ ውሃ ለመቆጠብ ታንከሩን መድፋት ነው።

የባለሙያው ጊዜ ይቀራል፤ ከክርክራቸው ሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። ልጁ ግማሽ ቀን መርምሮ «ቁጥሩ ይህ ነው፣ ድራይቨሩን መለስኩት» ቢለን ስንቶቻችን ሙሉ ዋጋ እንከፍላለን? «ምን ሠራህና? አንድ ቁልፍ ነካህ!» እንላለን። ፎርማት ሲያደርግ ግን ሰማያዊው ስክሪን ሲሄድ ስለምናይ የሠራ ይመስለናል። ሐኪም ቤት ካርድ አውጥተን ለምርመራ ብቻ የምንከፍል ሰዎች፣ እዚህ ምርመራን በነጻ ካልሆነ አንቀበልም። ይህን ልማድ የፈጠርነው እኛ ደንበኞች ነን፤ እኛው እንተወው። ለምርመራ ዋጋ ይውጣለት፣ እኛም እንክፈል።

ባለሙያውም አንድ ነገር ይገባዋል። በአንዲት ከተማ የሚዞሩት ያገለገሉ ላፕቶፖች ሞዴላቸው ተደጋጋሚ ነው፤ ያው ኤችፒ፣ ያው ዴል፣ ያው ሌኖቮ። ዛሬ በራሱ ዳታ ያወረደውን ድራይቨር በሞዴሉ ስም ፎልደር ከፍቶ ቢያስቀምጥ፣ ነገ ያው ሞዴል ሲመጣ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጀው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በየኪሱ ያለው ፍላሽ ለዊንዶውስ ቦታ ካገኘ ለድራይቨርም አያጣም።

ይህ ሁሉ ነገ የሚብስ እንጂ የሚቀል አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ማሽኖች በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትንና ቲፒኤም 2.0 ያላቸውን ነው። ከዚያ ያነሱትን ላፕቶፖች በመላ የሚጭኑ አሉ፤ ለእነዚያ አሮጌ የብሉቱዝ ካርዶች ግን ለዊንዶውስ 11 ተብሎ ድራይቨር ያዘጋጀ አምራች ላይኖር ይችላል። አስተርጓሚ የሌለው ቺፕ ይበዛል። ያን ጊዜም «ፎርማት» ልንል ነው? ሊጭኑት ያሰቡት ዊንዶውስ ራሱ ቋንቋውን የማያውቀውን ካርድ፣ መልሶ መላልሶ መጫን ምን ያስተምረዋል?

ስለዚህ በየጥገና ቤቱ ባንኮኒ ማዶ ላላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ግልጽ ነው። የሰውን ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ፣ ስክሪኑን ወደ ባለቤቱ አዙሩ፣ ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ። ሪስታርት አድርጉት፤ ሻት ዳውን አይደለም። ድራይቨሩን መልሱ። ፎርማት የግድ ከሆነ፣ ጊዜ አለና የግድ የሚሆንበት፣ «ዲ ላይ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዴስክቶፑን ራሳችሁ ከፍታችሁ «ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የት ልገልብጥልህ?» በሉ። ላፕቶፕ ይዘን ለምንመጣውም እንዲሁ። ዘመዴ ጽሑፏን ከመጀመሪያው ጽፋ በሚቀጥለው ዓመት ተመርቃለች። አሁን ላፕቶፕ ሲበላሽባት ገና ባንኮኒው ላይ ሳታስቀምጠው የምትለው አንድ ነገር አላት፦ «መጀመሪያ ኮዱን አንብብልኝ፤ ቁጥሩን ሳትነግረኝ ፍላሹን እንዳትሰካ።»